ፎጣውን ማን ፈታው

«መልሰው» አለች ዓዲላ።

ሹፌሩ የፒካፑን የኋላ ክዳን አውርዶ የወይፈኑን ገመድ እየፈታ ነበር። በትክክል የሰማ አልመሰለውም።

«ከፎርማን አብዱልጀሊል ነው የተላከው» አለ። «ለሰደቃ። ሩዝና ስኳርም ጋቢና ውስጥ አለ።»

«ከማን እንደሆነ አውቃለሁ። መልሰው ነው የምልህ።»

«እታለም፣ እኔ ሹፌር ነኝ።»

«እንግዲያው መንገዱ አይጠፋህም።»

ድንኳኑ ውስጥ የተቀመጡት ወንዶች ወሬያቸውን አቆሙ። ሼህ ሙሀመድአሚን ከምንጣፉ ተነስተው ከዘራቸውን እየተመረኮዙ ወጡ። የሠፈሩ ቅሬ ዳኛ ናቸው፤ ሰው ሲሞት ድንኳኑ፣ ቋሚው፣ ምንጣፉ፣ የቀብሩ ሥራ ሁሉ የሚታዘዘው በእሳቸው ነው። ሰው ሰው የገደለ እንደሆነም በሁለቱ ቤት መሀል ገብተው ደም የሚያደርቁት አበጋር እሳቸው ናቸው። ስለዚህ ከሚሴ ውስጥ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው መናገር አስፈልጓቸው አያውቅም።

«ልጄ» አሏት፣ «ለሟች የመጣ ነገር አይመለስም።»

«ለሟች ከሆነ ሟቹ ጋ ይውሰደው። መቃብሩን ያውቀዋል።»

«አስተግፊሩላህ በይ።»

«አስተግፊሩላህ። ወይፈኑ ግን እዚህ ግቢ አይገባም።»

ሼሁ ለሹፌሩ ከአጥሩ ውጭ ያለውን ግራር በከዘራቸው አሳዩት። ወይፈኑ እዚያ ታሰረ። ሩዙና ስኳሩ በአጥሩ ሥር ተደረደረ። ዓዲላ ወደ ቤት ስትገባ ከኋላዋ «ሐዘኑ ነው፣ ተዋት» የሚል ድምፅ ሰማች። ማን እንዳለው ለማየት አልዞረችም።

ወንድሟ ሰልማን የተቀበረው በዋዜማው ነበር። በከሚሴ ዳርቻ ካለው የኃይል ማከፋፈያ ጣቢያ አጠገብ፣ የብረት ታወር ላይ ወጥቶ ሲሠራ፣ ጠፍቷል በተባለው መስመር ኃይል ተለቀቀበት። ያጠቡት ሰዎች ፊቱን እንዳታይ ለመኗት፤ እሺ አለቻቸው። ጀናዛውን ያመጡትን ሠራተኞች ግን አንድ ነገር ብቻ ጠየቀች።

«ፎጣው የታለ?»

እርስ በርስ ተያዩ። አንዱ «አብሽሪ፣ እታለም» አላት። ሌላው ቀስ ብሎ ወደ ኋላ ሄደ። ስታለቅስ ያላዩዋት ሴቶች ያንን ጥያቄ ሲሰሙ ሳታብድ አልቀረችም ብለው አዘኑላት።

ፎጣው አረንጓዴ ነው፣ ዳሩ ላይ ነጭ መስመር አለው። ሰልማን ከባቲ ገበያ ከአንድ የአፋር ነጋዴ ጋር ግማሽ ቀን ተከራክሮ ነው ያመጣው። በጨፋ ሙቀት ራሱ ላይ ይጠመጥመዋል፤ ሲበላ እጁን ያብስበታል፤ ሲሰግድ ያነጥፈዋል። ዓዲላ ሐሙስ ሐሙስ ስታጥበው ውኃው የጭቃ መልክ ይይዛል። «ይሄ ፎጣ አይደለም፣ የእርሻ መሬት ነው» ትለው ነበር። «ዝራበት ታዲያ» ይላታል።

እናታቸው ስትሞት እሱ ገና ጥርሱን አልነቀለም ነበር። ያሳደገችው እሷ ነች። ሁለት ጊዜ አግብቶ ሁለት ጊዜ ፈታ፤ ሁለቱም ጊዜ ሻንጣውን ይዞ የመጣው ወደ ዓዲላ ቤት ነው። ሚስቶቹ የሚሉት አንድ ነበር፦ ሰልማን ነገር አያሳልፍም። ዓዲላም ይህን ታውቃለች። ወጡ ጨው ካነሰው ይናገራል። የጎረቤት አጥር አንድ ክንድ ቢገፋ ይናገራል። ኢማሙ የጁምዓውን ኹጥባ፣ ስብከቱን፣ ካስረዘሙ ለኢማሙ ራሳቸው ይነግራቸዋል። ከጨፋ ገበሬ ጋር የተጣላውን፣ ከባጃጅ ነጂ ጋር የተጣላውን እየዞረች ይቅርታ የምትጠይቅለት እሷ ነበረች።

አንድ ቀን ከሥራ ሲመለስ ደጃፉ ላይ ቁጭ ብሎ ጫማውን እያወለቀ ስለ ቁልፍ ነገራት።

«የመብራት ድርጅቱ ቋሚ ሠራተኞች እያንዳንዳቸው ቀይ ጓጉንቸር አላቸው» አለ። «ታወር ላይ ከመውጣታቸው በፊት መስመሩን የሚያጠፋውን እጀታ ይቆልፉና መክፈቻውን ኪሳቸው ይከቱታል። ሰውዬው ወርዶ በራሱ እጅ እስኪከፍተው ድረስ ሚኒስትርም ቢመጣ አያበራውም።»

«ጥሩ ነዋ።»

«ለእነሱ ጥሩ ነው። እኛ የኮንትራክተር ነን።»

«አንተም ግዛ። ጓጉንቸር ገበያ ሙሉ አይደለም እንዴ?»

«በእኛ በኩል ያለው እጀታ የቁልፍ ቀዳዳው ተሰብሯል። ይጠገን ብዬ ፎርማኑን ስንት ጊዜ ለመንኩት። ‹ሱቅ ነው እንዴ የምትቆልፈው?› አለኝ። ኃይል በስህተት ቢለቀቅ ወደ መሬት የሚወስደው ገመድም ያለን አንድ ነው፤ እሱንም ለባቲው ቡድን ላከው።»

ከዚያ ሳቀ። ፎርማን አብዱልጀሊልን «ሙሽራው» ነበር የሚለው፤ ብርቱካንማ ሰደርያው አንድም ቀን ቆሽሾ ስለማያውቅ።

«አፍህን ዝጋና ሥራህን ሥራ» አለችው ዓዲላ። «እዚያም ተጣልተህ ልትመጣ ነው?»

አልተጣላም። ይልቅ የራሱን ዘዴ ፈጠረ። ከመውጣቱ በፊት ፎጣውን ከራሱ ፈትቶ እጀታውን ጠፍሮ ያስረዋል። ከእጀታው አጠገብ ደግሞ ጓደኛውን ረጀብን ያቆመዋል። «አማና» ይለዋል። ረጀብም «አማና» ብሎ ይመልሳል። ከዚያ ይወጣል። ሌሎቹም አይተው እንደሱ ማድረግ ጀመሩ፤ አንዱ ሻርፑን፣ አንዱ ቀበቶውን። ድርጅቱ ጓጉንቸር ያልሰጣቸው ሰዎች በሃይማኖታቸው ቆለፉ።

ደግሞም ይበቃቸው ነበር። በዚያ አገር አማና የተባለ ነገር ቀልድ አይደለም። ሰው ከብቱን፣ ወርቁን፣ ልጁን አማና ብሎ ትቶ መካ ደርሶ ይመለሳል። አማና የተቀበለ ሰው ባለቤቱ ሳይፈቅድ ለሦስተኛ ሰው አያስተላልፍም። ይህን መድረሳ ያልገባም ያውቀዋል።

ወይፈኑ በመጣ ማግስት ሴቶቹ ቤት ውስጥ፣ ወንዶቹ ድንኳኑ ውስጥ ነበሩ። ጎረቤቶች በየተራ ምግብ ያመጣሉ፤ በተዕዝያ፣ በሐዘን መቀመጫው ቀን፣ የለቅሶ ቤት እሳት አይነድም። ረቢአ የምትባለው አሮጊት ጎረቤት ገብታ ዓዲላን አቀፈቻት። «ረቢ ሰብሪ ሲፍ ሃ ኬኑ» አለቻት፣ ትዕግሥቱን ይስጥሽ። ከዚያ ጆሮዋ ሥር ተጠግታ ወደ አማርኛ ተመለሰች።

«ረጀብ ነው እያሉ ነው።»

«ማን ነው የሚለው?»

«ድንኳኑ በሙሉ። እጀታውን ትቶ ሄደ፣ አማና በላ እያሉ። ነገ ለመዝጊያው ዱዓ ድንጋይ አሸክመው ያመጡታል። አንቺ ዐፍው፣ ይቅር ብያለሁ ትያለሽ፣ ያልቃል።»

«ፎርማኑስ?»

«ፎርማኑ ምን አለበት? ወይፈን አምጥቷል።» ረቢአ ከንፈሯን ወደ አጥሩ በኩል አሾለች። ወይፈኑ እንዳዘዙት ሁሉ ጮኸ። ገለባ የሰጠው አልነበረም። «የሱ አባት መስጊዱን ያሠሩ ሰውዬ አይደሉ? የረጀብ እናት ደግሞ ጨፋ ውስጥ ማሽላ ትጠብቃለች። ደም ወዴት እንደሚፈስ አንቺ ታጪዋለሽ?»

ረጀብ ዓዲላ ቤት በልቶ ያደገ ነው። ከሰልማን ጋር አንድ ትሪ ዙሪያ ሲጋፉ፣ በኦሮምኛ ሲሰዳደቡ፣ እሷ ሁለቱንም በጭልፋ ስትመታቸው። አሁን ስሙ ሲነሳ ምራቋ አፏ ውስጥ መረረ። ይምጣ ብላ ተመኘች። ዓይኑን አይታ ልትተፋበት።

ከዙህር ሶላት በፊት ፎርማን አብዱልጀሊል ራሱ መጣ። ነጭ ጀለቢያ ለብሷል። ዓዲላን በር ላይ አስጠርቶ አንድ ፌስታል ሰጣት።

«የሰልማን ዕቃ ነው፣ እታለም። አላህ ይዘንለት። ቀድር ነው፣ የአላህ ውሳኔ፤ ከቀድር የሚያመልጥ የለም።»

ፌስታሉ ውስጥ የተሰነጠቀ ሄልሜት፣ ጫማ፣ ስልክ ነበር። ከሥር አረንጓዴው ፎጣ አለ። ታጥቦ፣ ተተኩሶ፣ በአራት ታጥፏል።

ዓዲላ ፎጣውን አወጣችና አፍንጫዋ ላይ ያዘችው። የሳሙና ሽታ ብቻ ነው ያለው። ደግማ አሸተተችው። የሰልማን ላብ፣ ከጨፋ የሚያመጣው አቧራ፣ ሽቦው ላይ የሚቀባው ግራሶ፣ ምንም የለም።

«ማን አጠበው?»

«ቤት ነው ያጠቡት። ለክብሩ ብለን ነው።»

«ለማን ክብር?»

አብዱልጀሊል ሰዓቱን አየ።

«የት አገኛችሁት?» አለችው።

«ከዕቃው መሀል ነው መሰለኝ። እኔ በዚያ ሰዓት መኪና የሚራገፍበት ቦታ ነበርኩ።»

ፎጣውን ዘረጋችው። አንዲት የእሳት ምልክት የለበትም። ሰልማን ለብሶት ከነበረው ሸሚዝ የተረፈውን ከገላው በመቀስ ነው ያነሱት፤ ያጠቡት ሰዎች ለረቢአ ነግረዋት፣ ረቢአ ለእሷ ነግራታለች። ፎጣው እሱ ላይ አልነበረም ማለት ነው። እጀታው ላይ ነበር። እጀታው የሚንቀሳቀሰው ደግሞ ፎጣው ከተፈታ ነው፤ የሰልማን ቋጠሮ በንፋስ አይፈታም።

«መሰለህ» አለች። ሌላ ነገር ሳትጨምር ገባች።

ወንዶቹ ለዙህር ሶላት ወደ መስጊድ ሲሄዱ ድንኳኑ ባዶ ሆነ። ያኔ ረቢአ በጓሮ በኩል ያለውን ቁልቋል ገፋ አድርጋ አንድ ሰው አስገባች። ረጀብ ነበር። ከሱታል። ልብሱ ያው የሥራ ልብሱ ነው፤ አልቀየረውም።

ዓዲላ የዕቃ ማጠቢያውን ውኃ ከነሳፋው አንስታ ደፋችበት። አልሸሸም። ውኃው ከአገጩ እየተንጠባጠበ ቆመ።

«ለምን መጣህ?»

«ጠራሽኝ አሉኝ።»

«እኔ አልጠራሁህም።»

«እኔ ነኝ የጠራሁት» አለች ረቢአ። «መጀመሪያ ይናገር፤ ከዚያ ትገድዪዋለሽ።»

ረጀብ መሬት መሬቱን እያየ ተናገረ። የበላይ አለቆቹ መስመሩ እስከ ዙህር ኃይል ይያዝ እያሉ ፎርማኑ ጋ ስልክ በስልክ ላይ ይደውሉ ነበር። ፎርማኑ መጥቶ፣ ና መኪናውን አራግፍ አለው። አልሄድም፣ አማና አለብኝ አለው ረጀብ። ፎርማኑ ተቆጣ። በኋላ ለዘብ አለና «አማናውን ለእኔ ስጠኝ። እኔ ሙስሊም አይደለሁም?» አለው። እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ «አማና» አለ።

«ሰጠኸው?»

«ሰጠሁት። ስሄድ ፎጣው እንደታሰረ ነበር፤ ወላሂ በዓይኔ አይቼዋለሁ። ማራገፍ እንደጀመርን ጩኸቱን ሰማሁ። በኋላ ፎርማኑን ምን ነካህ ስለው፣ ታወሩ ሥር ሰው ቆሞ አየሁ፣ ሰልማን የወረደ መሰለኝ አለኝ።»

«መሰለው» አለች ዓዲላ።

«ጀሚል ነበር ሥሩ የቆመው። ገመድ ሊያቀብል።»

«አማናውን ከማስተላለፍህ በፊት ሰልማንን ጠየቅኸው?»

«ላይ ነበር። ንፋስ አለ፤ አይሰማም።»

«ውረድ ብለህ እጅህን አታወዛውዝም?»

ረጀብ በእርጥብ እጅጌው ፊቱን ጠረገ።

«አንተም በልተኸዋል» አለችው።

«በልቻለሁ።»

«ይሄን ለሼሁ ነግረሃል?»

«ነግሬያለሁ። ወንድ ልጅ ጥፋቱን ሌላ ሰው ላይ አያላክክም አሉኝ። ፎርማኑ ደግሞ ይሄን ከደገምከው ከዘመዶችህ አንድም ሰው እዚህ መስመር ላይ አይቀጠርም ብሎኛል። ስለዚህ ነገ ድንጋዩን እሸከማለሁ። ብቻ አንቺ እንድታውቂው ብዬ ነው።»

ዓዲላ ባዶውን ሳፋ አንስታ ግድግዳው ላይ አስደገፈችው።

«ሂድ» አለችው። «ነገ ና።»

የመዝጊያው ቀን ድንኳኑ ጢም አለ። ከሰንበቴ፣ ከጨፋ፣ ከባቲ ሰው መጥቷል። የኮንትራክተሩ ሠራተኞች ወደ ኋላ ተጠጋግተው ተቀምጠዋል። ፎርማን አብዱልጀሊል ከሼሁ ቀኝ ነው። ሩዙን የቅሬው ሰዎች ከአጥሩ ሥር አንስተው ለየጎረቤቱ አከፋፍለው አስቀቅለውታል፤ ዓዲላ ከፊቷ ሲቀርብላት ሳህኑን በጣቷ ወደ ረቢአ ገፋችው። ረቢአ በላችው። «ሩዙ ምን አደረገኝ» አለች።

ቁርኣኑ ከተቀራ በኋላ ረጀብ በአጥሩ በር ገባ። ማጅራቱ ላይ የወፍጮ መጅ የሚያህል ድንጋይ ተሸክሟል። ድንኳኑ አፍ ላይ ተንበረከከ። ቤት ውስጥ ያሉት ሴቶች በበሩ ቀዳዳ ተሻምተው አዩ።

ሼህ ሙሀመድአሚን ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ይህ ልጅ አማና ተቀብሎ አላደረሰም። ያውቃል፣ አምኗል። ሰልማን አይመለስም። በሁለቱ ቤት መሀል ቂም እንዳይቀመጥ እህቱ ዐፍው ትበል፤ እኛ ዱዓችንን እንዝጋ። ሰው ላኩባት።»

ሰው መላክ አላስፈለገም። ዓዲላ ፎጣውን ይዛ ከቤት ወጣች፤ ግቢውን አቋርጣ ወንዶቹ ድንኳን ውስጥ ገባች። አንዳንዱ አንገቱን ደፋ። አንዱ «የሴቶቹ በዚያ ነው» አለ።

«ቤቴን አውቀዋለሁ» አለችው። በረጀብ አጠገብ አልፋ ከሼሁ ፊት ቆመች። «አባባ ሼህ፣ ዐፍው ከማለቴ በፊት አንድ ነገር ልጠይቅ።»

«ጠይቂ፣ ልጄ።»

«እርስዎን አይደለም።» ወደ አብዱልጀሊል ዞረች። «ይሄን ፎጣ ማን ፈታው?»

«እታለም ዓዲላ፣ ትናንት ነግሬሽ የለ?»

«መሰለኝ ነው ያልከኝ።»

«እኔ አላውቅም። እጀታው አጠገብ የነበረው እሱ ነው» አለ፣ በአገጩ ወደ ረጀብ እያመለከተ።

«እሺ። አላውቅም ብለሃል።» ፎጣውን አጠፈችና በሁለት እጇ ወደሱ ዘረጋችው። «እንግዲያው ይሄን ያዝልኝ። ቤት ደርሼ እመጣለሁ። አማና።»

አብዱልጀሊል ፎጣውን አየው። እጁ ከጉልበቱ ላይ አልተነሳም።

«ይሄ ምን ዓይነት ጨዋታ ነው?» አለ ወደ ሼሁ እየዞረ።

«ጨዋታ አይደለም። ፎጣ ነው» አለች ዓዲላ። «ታጥቧል፣ እጅህን አያቆሽሽም። አማና በልና ተቀበለኝ።»

«እኔ አሁን ሥራ አለብኝ፣ ልሄድ ነው።»

«ተቀብለህ መሄድ ትችላለህ። ሌላም ጊዜ አድርገኸዋል።»

ከአጥሩ ውጭ ወይፈኑ ጮኸ። ከመሀል አንድ ሽማግሌ ነገሩ ስላልገባቸው «ያዝላት እንጂ፣ አቦ፣ ፎጣ ነው» አሉ። አብዱልጀሊል እጁን አንቀሳቀሰ። ሊቀበል መሰለ። ነገር ግን ጀለቢያው ኪስ ውስጥ ከተተው፤ ስልኩን የሚፈልግ መሰለ፤ እዚያው ቀረ። ዓዲላ የዘረጋችውን ክንድ አላወረደችም።

ከኋላ አንድ ሰው ተነሳ። ጀሚል ነበር፣ ታወሩ ሥር ገመድ ሲያቀብል የነበረው።

«አይቀበልም» አለ። «ከረጀብ ተቀብሎ ነበር። እኔ ሰምቻለሁ። እጁን እዚህ አድርጎ አማና ሲለው ሰምቻለሁ።» ደረቱን መታ። «ከዚያ በስልክ እያወራ ፎጣውን ሲፈታ አየሁት። አጥብቆ መልሶ ሊያስረው ነው የሚፈታው ብዬ... » አረፍተ ነገሩን አልጨረሰም። ተቀመጠ።

«ነገ ሥራ እንዳትገባ» አለው አብዱልጀሊል።

«ነገማ እዚያ ማን ሊወጣ ነው?» አለ ከጀሚል አጠገብ ያለው። ሌሎቹ ጭንቅላታቸውን ነቀነቁ።

ሼህ ሙሀመድአሚን አብዱልጀሊልን ለረጅም ጊዜ አዩት። አባቱን ያውቁታል፤ መስጊዱን አብረው ነው ያሠሩት።

«አብዱልጀሊል፣ ያዝላት» አሉት ቀስ ብለው።

አልያዘም። ተነሳና ጀለቢያውን አራገፈ። ሰውየው ሲያልፍ ጉልበቱን የሰበሰበለት አልነበረም፤ በሰው እግር ላይ እየተራመደ ወጣ።

«ወይፈንህን» አለች ዓዲላ ከኋላው። «ውኃ አልጠጣም።»

ከውጭ ሹፌሩ ወይፈኑን ወደ ፒካፑ ሲጎትት፣ ሲሳደብ፣ ወይፈኑም አልወጣም ሲል ተሰማ። የሳቀ አልነበረም። ድንኳኑ አፍ ላይ ረጀብ አሁንም ድንጋዩን እንደተሸከመ ነው። ሼሁ አዩት።

«አውርደው» አሉት።

«አያውርደው» አለች ዓዲላ። «የሱ ድርሻ አለበት። ብቻ አንድ ድንጋይ ለሁለት ሰው አይበቃም፤ ለፎርማኑም ሌላ አስመጡ፣ አባባ ሼህ። ለትልልቆቹም። ቀዳዳው ተሰብሯል ሲባል ላላስጠገኑት፣ ኃይል ይያዝ እያሉ ለደወሉት። ያኔ ዐፍው በይ በሉኝ።»

ሼሁ ከዘራቸውን በእጃቸው አዟዟሩ። ብዙ ደም አድርቀዋል። ሁለት ቤት ሲጣላ ምን እንደሚባል ያውቃሉ። ከሁለቱ ቤት ሌላ ሦስተኛ በር፣ የድርጅቱ በር፣ ሲኖር ምን እንደሚባል ግን ከዚያ ቀን በፊት ማንም አልጠየቃቸውም ነበር።

«ዱዓው ለሟች ነው» አሉ በመጨረሻ። «ዕርቁ ዛሬ አልተዘጋም። ጀሚል፣ ነገ አንተም ረጀብም ከእኔ ጋር ፖሊስ ጣቢያ ትሄዳላችሁ። ከዚያ ድርጅቱ ቢሮ። የሰማኸውን እንደሰማኸው ትናገራለህ።» ሁለቱን መዳፋቸውን ከፈቱ። ሰውም ከፈተ። ሲጨርሱ፣ ከወትሮው ዘግየት ብለው፣ «አሚን» አሉ።

ከዐስር ሶላት በኋላ ሰው ሳሳ። ረጀብ ድንጋዩን በራሱ ጊዜ አውርዶ ከጎኑ አስቀምጦታል። ማጅራቱ ተልጧል። ሊሄድም ሊቀመጥም ስላልቻለ የድንኳኑን የፊት ቋሚ ተደግፎ ቆሟል። ዓዲላ መጣች። አጠገቡ የነበረውን ምንጣፍ በእግሯ ወደሱ ገፋ አደረገችው።

«ታኢ» አለችው፣ በእናቱ ቋንቋ። ተቀመጠ።

ፎጣውን ጭኑ ላይ ጣለችለት። «እንዴት ነበር የሚያስረው?»

ረጀብ ፎጣውን ለመንካት ፈራ። ከዚያ ተነሳና ከቋሚው ላይ ሁለት ጊዜ ጠመጠመው፤ ጫፉን ከሥር አሳልፎ፣ መልሶ በራሱ ውስጥ አስገብቶ ሳበው። ጣቶቹ ሥራውን ያውቁታል፤ ፊቱ ግን እየተበላሸ ሄደ። ከጨረሰ በኋላም ጫፉን አልለቀቀም።

«ዐፍው አላልኩህም» አለችው።

«አውቃለሁ።»

«ልቀቀው። ታስሯል።»

ለቀቀው።

የቅሬው ሰዎች ምንጣፉን ጠቀለሉ፤ ሸራውን አወረዱ፤ ቋሚዎቹን አንድ በአንድ እየነቀሉ ጋሪ ላይ ጫኑ። ወደ ፊተኛው ቋሚ ሲደርሱ ዓዲላ ቆማበታለች።

«ይሄን ተዉልኝ። ፎጣው አይፈታም።»

ሰዎቹ ወደ ሼሁ ዞሩ። ሼሁ ቀረብ አሉ።

«ልጄ፣ ቋሚው የቅሬው ነው። አንድ ከጎደለ ድንኳኑ አይቆምም። ለሚቀጥለው ሟች ያስፈልጋል።»

«እጀታው ካልተጠገነ የሚቀጥለው ከዚያ መስመር ላይ የሚመጣ ነው» አለች ዓዲላ። «ያኔ እኔው ራሴ ተሸክሜ አመጣላችኋለሁ።»

ሼህ ሙሀመድአሚን አረንጓዴውን ፎጣ አዩት። በከዘራቸው ለሰዎቹ መንገዱን አሳዩ። ጋሪው እየተንቋቋ ሄደ።

ግቢው ባዶ ሆነ። መሀሉ ላይ አንድ ቋሚ ብቻውን ቀረ። ዓዲላ ተጠጋችና ቋጠሮውን በአውራ ጣቷ ጫን አድርጋ ሳበችው፣ የላላ እንደሆነ ለማየት። አልላላም። እጇን ግን ከላዩ አላነሳችም።